ሁለት ጉዞዎች፣ ሁለት መጻሕፍት፤ ስለ ሩስያውያንና ስለ አሜሪካውያን መግባባት የቀረበ ሒስ

መግቢያ

ስለ ሩስያና ስለ አሜሪካ የሚጻፈው ነገር እጅግ ብዙ ነው። የሚበዛው ግን ስለ መንግሥታቱ፣ ስለ ጦር መሣሪያቸውና ስለ ጠባቸው እንጂ ስለ ሕዝቡ አይደለም። አሜሪካዊው ባለሱቅ ለደንበኛው የሚያሳየውን ትሕትና ሩስያዊው እንግዳ እንዴት ይተረጕመዋል? ሩስያዊው ገበሬ ስለ አሜሪካዊው ገበሬ ማወቅ የሚፈልገው ምንድን ነው? የአንዱ ደግነት ለሌላው ግብዝነት፣ የአንዱ ዝምታ ለሌላው ኩራት ሆኖ የሚታየውስ ስለ ምንድን ነው? እነዚህን የመሳሰሉትን ጥያቄዎች ለመመርመር ከመንግሥታት መግለጫ ይልቅ የመንገደኞች መጽሐፍ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። መንገደኛ ይርበዋል፣ ይደክመዋል፣ መንገድ ይጠፋዋል፤ ስለዚህም ወደደም ጠላም ከሰው ጋራ ሳይነጋገር መዋል አይችልም።

ለዚህ ጥናት የመረጥኋቸው መጻሕፍት ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ኢልያ ኢልፍና ዬቭጌኒ ፔትሮቭ የተባሉት የሶቪየት ደራስያን አሜሪካን ዞረው ከተመለሱ በኋላ በ1937 ያሳተሙት ነው። ሁለተኛው አሜሪካዊው ደራሲ ጆን ስታይንቤክ ከፎቶግራፍ አንሺው ከሮበርት ካፓ ጋራ ሶቪየት ኅብረትን ጐብኝቶ በ1948 ያሳተመው «የሩስያ ማስታወሻ» ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ሐሳቤን አስቀድሜ በአጭሩ ልግለጥ። ስታይንቤክ ራሱን ከአድልዎ ለመጠበቅ የተጠነቀቀ ጸሐፊ ነው፤ ኢልፍና ፔትሮቭ ግን ለአገራቸው ወገንተኞች መሆናቸውን አይሸሽጉም። ይህን የሚያይ አንባቢ ለመግባባት ይበልጥ የሚረዳው የስታይንቤክ መጽሐፍ ነው ብሎ ይገምት ይሆናል። እኔም መጀመሪያ የገመትሁት እንዲሁ ነበር። ሁለቱን ጐን ለጐን ደጋግሜ ካነበብሁ በኋላ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኖ አገኘሁት። ሌላውን ሕዝብ ለመረዳት አድልዎን መሸሽ ብቻ አይበቃም፤ ልዩነቱን ፊት ለፊት ይዞ «ይህ ስለ ምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህን አስተያየት ከዚህ በታች በማስረጃ ለመደገፍ እሞክራለሁ።

ሀ. የሁለቱ ጉዞዎች ታሪክ

ኢልፍና ፔትሮቭ ሁለቱም የኦዴሳ ከተማ ተወላጆች ናቸው። «ዐሥራ ሁለቱ ወንበሮች» (1928) እና «ወርቃማው ጥጃ» (1931) የተባሉትን አስቂኝ ልብ ወለዶች በኅብረት ጽፈው በአገራቸው ስማቸው የታወቀ ነበር። በ1935 «ፕራቭዳ» የተባለው ጋዜጣ ወኪሎች ሆነው «ኖርማንዲ» በተባለችው መርከብ በኦክቶበር ወር ኒው ዮርክ ገቡ። ከዚያም አንድ የፎርድ አውቶሞቢል ገዝተው፣ ሚስተር አዳምስና ሚስዝ አዳምስ ብለው ከሚጠሯቸው ባልና ሚስት ጋራ፣ ከአትላንቲክ እስከ ፓሲፊክ ሄደው በደቡብ በኩል ተመለሱ። በሁለት ወር ውስጥ የተጓዙት መንገድ ወደ 10,000 ማይል ይጠጋል። ኢልፍ በሳንባ ነቀርሳ ይሠቃይ ስለ ነበረ መጽሐፉ በወጣበት በ1937 ሞተ። ፔትሮቭ ደግሞ በ1942 ከሴባስቶፖል የጦር ግንባር ሲመለስ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ።

ስታይንቤክ የሄደው በ1947 በጋ ነው። የላከውም «ኒው ዮርክ ሄራልድ ትሪቢዩን» የተባለው ጋዜጣ ነበር። ጓደኛው ካፓ በቡዳፔስት የተወለደ፣ የስፔንን የእርስ በርስ ጦርነትና የኖርማንዲን ወረራ በፎቶግራፍ ያነሣ ሰው ነው። ሁለቱ በዐርባ ቀን ገደማ ውስጥ ሞስኮን፣ ኪየቭን፣ ስታሊንግራድንና ጆርጅያን አዩ። ካፓም በ1954 በኢንዶቺን ፈንጂ ረግጦ ሞተ።

በሁለቱ ጉዞዎች መካከል የዐሥራ ሁለት ዓመት ልዩነት ብቻ ቢኖርም ዘመኑ ፈጽሞ ተለውጦ ነበር። በ1935 አሜሪካ ለሶቪየት መንግሥት ዕውቅና ከሰጠች ሁለት ዓመት ገደማ ሆኗት ነበር፤ ሩስያውያንም ከአሜሪካ መኪናና መሐንዲስ ይሹ ነበር። በ1947 ግን የጋራ ጠላታቸው የነበረው የናዚ ጀርመን ተሸንፎ፣ ሁለቱ ወዳጆች በጥርጣሬ መተያየት ጀምረዋል። ፕሬዚደንት ትሩማን በዚያው ዓመት በማርች ወር ለግሪክና ለቱርክ እርዳታ የጠየቁበትን ንግግር አድርገዋል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ መንገደኞች ሊማሩ ሄዱ፤ የኋለኞቹ ደግሞ «እነዚህ ሰዎች በእርግጥ ጠላቶቻችን ናቸውን?» ለማለት ሄዱ። ይህ የዓላማ ልዩነት በየገጹ ይታያል።

ለ. ንጽጽርን መሣሪያ ያደረገው መጽሐፍ

የኢልፍና የፔትሮቭ መጽሐፍ ርእስ ራሱ አንድ ሐሳብ ይዟል። በሩስያኛው ርእሱ ፎቅ ያልተሠራበት፣ ምድር ቤት ብቻ ያለው ማለት ስለ ሆነ በአማርኛ «ፎቅ የሌላት አሜሪካ» ብንለው ይቀርባል። ደራስያኑ እንደሚሉት የውጭ አገር ሰው አሜሪካ ሲባል የሚታየው የኒው ዮርክ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ነው፤ እውነተኛዋ አሜሪካ ግን ትንንሽ ከተማ፣ ዝቅተኛ ቤት፣ የቤንዚን ማደያና ቀጥ ያለ መንገድ ናት። በዚያው ዓመት የወጣው የእንግሊዝኛ ትርጕም ግን «ትንሿ ወርቃማ አሜሪካ» ተብሎ ተሰየመ። ለገበያ እንዲመች የደራስያኑን የቀድሞ ልብ ወለድ ለማስታወስ የተደረገ ይመስላል። ነገር ግን በዚህ ለውጥ የመጽሐፉ ዋና ሐሳብ ከሽፋኑ ላይ ተፋቀ። አሜሪካዊው አንባቢ ሩስያዊው እንግዳ በትንንሽ ከተሞቹ ውስጥ እንደ ፈለገው ሳያውቅ፣ በወርቁ ላይ ሊያላግጥበት የመጣ ሳይመስለው አይቀርም። አለመግባባት አንዳንድ ጊዜ ከአንድ ርእስ ይጀምራል።

የደራስያኑ ዘዴ ንጽጽር ነው። አንድ ነገር ባዩ ቍጥር ወዲያው ወደ አገራቸው ዞር ብለው «እኛስ ጋ እንዴት ነው?» ይላሉ። ምሳሌ የሚሆነን ስለ መስተንግዶ የጻፉት ነው። ቤንዚን ለመቅዳት በቆሙ ቍጥር የማደያው ሠራተኛ ሳይጠየቅ የመኪናውን የፊት መስተዋት ይጠርጋል፣ ዘይቱን ይመለከታል፣ መንገዱን ያሳያል። ሚስተር አዳምስ ባርኔጣውን ረስቶ ይሄዳል፤ ባርኔጣውም በፖስታ ቤት በኩል ከከተማ ወደ ከተማ ይከተላቸዋል። ይህ በመጽሐፉ ውስጥ ደጋግሞ የሚያስቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን ቀልድ ብቻ አይደለም። የማያውቀውን ሰው ባርኔጣ ጠቅልሎ ወደ ሩቅ አገር የሚልክ ባለሆቴል ምን ዓይነት ሰው ነው የሚለውን ጥያቄ ያስነሣል።

እዚህ ላይ ሁለት ባሕሎች ይጋጫሉ። ሩስያዊው ለማያውቀው ሰው ፊቱን ማፍካት ልማዱ አይደለም፤ ወዳጁ ለሆነው ግን ያለውን ሁሉ ያቀርባል። ስለዚህ የአሜሪካዊው ሻጭ ትሕትና ከልብ ያልመጣ፣ ለገንዘብ ሲባል የተለበጠ ሆኖ ሊታየው ይችላል። እኛም «ጥርስ ባዳ ነው» እንል የለምን? አሜሪካዊው ደግሞ በበኩሉ የሩስያዊውን የተቈጠረ ፊት ሲያይ ጥላቻ ይመስለዋል። ኢልፍና ፔትሮቭ ትሕትናው የንግድ ልጅ መሆኑን አልካዱም። ነገር ግን ለንግድ ተብሎ የተጀመረ ልማድ በጊዜ ብዛት የሕዝብ ጠባይ ሊሆን እንደሚችል ተረድተው፣ የአገራቸው ሰዎች ሊማሩት እንደሚገባ በግልጥ ጻፉ። አሜሪካዊ የሰጠውን ቃል እንደሚፈጽምም አመስግነው ጽፈዋል። በ1937 በሞስኮ የታተመ መጽሐፍ «ከካፒታሊስቱ አገር ይህን እንማር» ማለቱ ቀላል ነገር አይደለም።

በአንጻሩ ነቀፌታቸውም የተመረጠ ነው። የሚበላው ምግብ ንጹሕ ሆኖ ጣዕም የለውም ይላሉ፤ የሆሊውድን ፊልም ይነቅፋሉ፤ በደቡብ ክፍል ጥቁር አሜሪካውያን ከነጮቹ ተለይተው በመገፋት የሚኖሩበትን ሁኔታ ይገልጣሉ። ከሁሉ ይልቅ የሚገርማቸው ግን የመንገድ ዳር ሰዎች ነገር ነው። በዚያ ዘመን በኢኮኖሚው ውድቀት ምክንያት ሥራ ፍለጋ የሚዞር ሰው ብዙ ስለ ነበረ፣ መንገደኞቻችን እየጫኑ ይወስዱት ነበር። የተጫነውም ሰው የሕይወቱን ታሪክ ሳይሸሽግ ይነግራቸዋል፤ እነርሱ ከየት እንደ መጡ ግን ለመጠየቅ አያስብም። ለሩስያዊ ይህ እንቈቅልሽ ነው። በእርሱ አገር ሰው ስለ ራሱ ከመናገሩ አስቀድሞ ስለ እንግዳው ይጠይቃል።

ደራስያኑ ይህን የማወቅ ፍላጎት ማነስ ብለው ተረጐሙት። እኔ ግን በዚህ ቦታ አልከተላቸውም። አለመጠየቅ ሁልጊዜ ግድ የለሽነት አይደለም፤ በሰው ጕዳይ አለመግባት እንደ ጨዋነት የሚቈጠርበት አገር አለ። ታላቅ አስተዋይነት የነበራቸው ጸሐፊዎች እንኳን የሌላውን ዝምታ በራሳቸው መዝገበ ቃላት ሲተረጕሙት እናያለን። ሆኖም ስሕተታቸው የሚጠቅም ስሕተት ነው፤ ልዩነቱን አይተው ስለ ጻፉት አንባቢ ሊያርማቸው ይችላል። ያልተጻፈ ልዩነት ግን የሚያርመው የለም።

ሐ. ያዩትን ብቻ የሚጽፈው መጽሐፍ

ስታይንቤክ የተነሣበት ሐሳብ የሚመሰገን ነው። ጋዜጦቹ ስታሊን ምን እንደሚያስብ፣ የጦር አለቆቹ ምን እንደሚያቅዱ በየቀኑ ይጽፋሉ፤ ሕዝቡ ምን እንደሚለብስ፣ ምን እንደሚበላ፣ ስለ ምን እንደሚጨዋወት የሚጽፍ ግን የለም በማለት፣ ከፖለቲካ ርቆ ይህን ለማየት ሄደ። ለራሱ ያወጣው ሕግ ያየውንና የሰማውን ብቻ መጻፍ፣ መደምደሚያ አለመስጠት ነው።

ይህ ሕግ ፍሬ የሚያፈራበት ቦታ አለ። በስታሊንግራድ ካረፉበት ሆቴል መስኮት ሥር ፍርስራሽ ነበረ። ስታይንቤክ ከፍርስራሹ ጕድጓድ ውስጥ ሰዎች ልብሳቸውን አስተካክለው ወደ ሥራ ሲወጡ ያያል። በአንደኛው ጕድጓድ ደግሞ ጦርነቱ አእምሮዋን የሰለባት አንዲት ልጅ እንደ አውሬ ትኖራለች፤ ሰው ዳቦ ሲሰጣት ዐይኗ ለቅጽበት ወደ ሰውነት ሲመለስ ይታየዋል። በዚህ ቦታ ጸሐፊው አንዳች ትምህርት አይሰጥም፤ ያየውን ብቻ ያስቀምጣል። አሜሪካዊው አንባቢ ግን ሩስያውያን ጦርነትን ለምን እንደሚፈሩ ከብዙ ንግግር ይልቅ ከዚህ ገጽ ይረዳል። የአሜሪካ ምድር በዚያ ጦርነት እንዲህ አልታረሰምና።

ነገር ግን ሕጉ የሚከሽፍበት ቦታም አለ። ስታይንቤክ በሞስኮ የሌኒንን ቤተ መዘክር ሲጐበኝ የትሮትስኪ ሥዕል በአንድም ቦታ እንደሌለ አስተውሏል። የጐደለውን ማየት መቻሉ ታላቅ ችሎታ ነው። ወደ ዩክሬን መንደር ሲሄድ ግን ይህ ችሎታ ይከዳዋል። በሼቭቼንኮ ስም በሚጠሩት የኅብረት እርሻዎች ገበሬዎቹ በጭፈራና በተትረፈረፈ ማዕድ ተቀበሏቸው፤ ማሙችካ የተባለችው ባለሞያ ሴት የምታበስለውን ምግብ ስታይንቤክ በደስታ ይተርካል። «ይህ ሁሉ ለእንግዳ ተብሎ የተዘጋጀ ነው» የሚለው እንደማይጠፋ ዐውቆም፣ የካንሳስ ገበሬም ለእንግዳው እንዲሁ ያደርጋል ብሎ ይመልሳል።

መልሱ እውነት ነው፤ ግን አይበቃም። በ1946 ከደረሰው ድርቅ በኋላ፣ እህል በግድ ይሰበሰብ ስለ ነበረ፣ በ1946ና በ1947 በዩክሬንና በሞልዳቭያ ጽኑ ረኃብ ሆኖ በመቶ ሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ እንዳለቀ ዛሬ የታወቀ ነው። ስታይንቤክ ማዕዱን ያየው ይህ ካለፈ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ አዲሱ መከር ሲደርስ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ስለዚህ ረኃብ አንድም ነገር የለም። ዋሽቷል አልልም፤ አላየም፣ የነገረውም አልነበረም። «ያየሁትን ብቻ እጽፋለሁ» የሚለው ሕግ ከውሸት ይጠብቃል፤ ያሳዩትን ብቻ ከማየት ግን አይጠብቅም። ለገበሬዎቹም የሚገባቸውን ክብር ያሳጣል፤ ከረኃብ ማግስት እንጀራውን ለባዕድ የሚያቀርብ ሰው ደግነት ከጠገበ ሰው ደግነት በእጅጉ ይበልጣልና።

ሌላም ጕድለት አለ። የመጽሐፉ ርእስ «የሩስያ ማስታወሻ» ይላል። ነገር ግን እጅግ የሚወደዱት የመስተንግዶ ገጾች የተጻፉት ስለ ዩክሬናውያንና ስለ ጆርጅያውያን ነው። ስታይንቤክ የሕዝቦቹን ልዩነት አልሳተውም፤ ስለ ጆርጅያውያን የተለየ ጠባይ ብዙ ይላል። ሆኖም በመጨረሻ ሁሉንም «ሩስያውያን» በሚለው ጆንያ ውስጥ ይከታቸዋል። አሜሪካውያን ለብዙ ዓመታት ሶቪየት ኅብረትን ሁሉ «ሩስያ» ብለው መጥራታቸው ምን ያህል እንዳሳሳታቸው፣ አገሪቱ በ1991 ስትከፋፈል ታይቷል። የማይታወቅ ስም ይዞ መግባባት አይቻልም።

መ. የአስተርጓሚው ነገር

አራቱም መንገደኞች የሄዱበትን አገር ቋንቋ በሚገባ አያውቁም ነበር። ስለዚህ የያንዳንዱ መጽሐፍ ዋጋ በአመዛኙ በአስተርጓሚው ላይ የቆመ ነው። ሒስ ጸሐፊዎች ይህን ነገር ችላ ሲሉት ይታያል።

ሚስተር አዳምስ በእውነተኛ ስሙ ሰለሞን ትሮን የሚባል፣ ጄኔራል ኤሌክትሪክ በተባለው ኩባንያ ያገለገለ መሐንዲስ ነው። በሶቪየት አገር ሠርቶ ስለ ነበረ ሩስያውያኑ በምን እንደሚደነቁና ምን እንደማይገባቸው ያውቃል። ይነቅፋል፣ ያመሰግናል፣ ይከራከራል፤ መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ እያስቆመ ይጠይቃል። «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» እንደሚባለው፣ አገሩን የሚያውቅ ሰው ስለ መራቸው ወደ ፈለጉበት መንደር መታጠፍ ቻሉ። የሚያዝዘው መሥሪያ ቤት አልነበረውም።

ስታይንቤክን የተቀበለው ግን ቮክስ ተብሎ የሚጠራው፣ ከውጭ አገሮች ጋራ የባሕል ግንኙነት የሚያደርገው የሶቪየት ማኅበር ነው። አስተርጓሚዎቹም የተሰጡት በዚያ በኩል ነው። ስታይንቤክ ስለ አንደኛው አስተርጓሚ እየቀለደ ይጽፋል፤ ቀልዱም ያስቃል። ነገር ግን አስተርጓሚው የሚያስጨንቀው ነገር ምን እንደ ሆነ፣ እንግዶቹ ያልተፈቀደ ነገር ቢያዩ ምን ሊደርስበት እንደሚችል ለማሰብ አይሞክርም። ለአሜሪካዊው የፕሮግራም መበላሸት የሚያስቅ ነገር ነው፤ ለሩስያዊው ግን ሊያስጠይቀው ይችላል። አንዱ የሚስቅበት ነገር ሌላውን የሚያስፈራው መሆኑን አለማወቅ፣ በሁለቱ ሕዝቦች መካከል ከነበሩት መጋረጃዎች ሁሉ የወፈረው ይመስለኛል። ካፓ ያነሣቸው ፊልሞች ከአገር ከመውጣታቸው በፊት ታጥበው መመርመራቸውና አንዳንዶቹም መወሰዳቸው ይህንኑ ያሳያል።

ሠ. ሩስያውያን ሲጠይቁ

ይህን ሁሉ ነቅፌ ሳበቃ፣ የስታይንቤክ መጽሐፍ ሌላው የሌለው አንድ ታላቅ ሀብት እንዳለው መናገር ይገባኛል። በኢልፍና በፔትሮቭ መጽሐፍ ውስጥ የሚጠይቁት እንግዶቹ ናቸው። በስታይንቤክ መጽሐፍ ውስጥ ግን ባለአገሮቹ እንግዳውን ይጠይቃሉ። የዩክሬን ገበሬዎች ከምሳ በኋላ ስለ አሜሪካ እርሻ፣ ስለ መኪናውና ስለ ገበሬው አኗኗር ይጠይቁታል፤ አሜሪካ ልትወጋን ታስባለችን? የሚለውም ጥያቄ በየደረሰበት ይቀርብለታል። ስታይንቤክ ብዙዎቹን ጥያቄዎች መመለስ እንዳቃተው ሳያፍር ይናገራል። የገዛ አገሩን እንዳላወቃት የተረዳው በባዕድ ማዕድ ላይ ተቀምጦ ነው።

ከእነዚህ ጭውውቶች የመጽሐፉ ጥልቅ ሐሳብ ይወጣል። ስታይንቤክ እንደሚለው ሩስያዊው መንግሥቱ መልካም እንደ ሆነና ዜጋ ሁሉ ሊደግፈው እንደሚገባ እየተማረ ያድጋል፤ አሜሪካዊው ግን መንግሥት ሁሉ አደገኛ ስለ ሆነ ልጓም ሊገባለት ይገባል እያለ ያድጋል። በዚህም ምክንያት ጋዜጣ የሚለው ቃል፣ ደራሲ የሚለው ቃል በሁለቱ ዘንድ አንድ ትርጕም የለውም። ሩስያውያኑ ለደራሲ ታላቅ ክብር ይሰጣሉ፤ አብሮም መንግሥቱን እንዲያግዝ ይጠብቁበታል። ስታይንቤክ በአገሩ የደራሲ ማዕርግ ዝቅ ያለ መሆኑን እየቀለደ ይነግራቸዋል፤ ደራሲ መንግሥትን የሚቈጣጠር እንጂ የሚያሞግስ አይደለም ሲላቸው ግን አይገባቸውም።

ይህን ክፍል በሁለቱ መጻሕፍት ውስጥ ካለው ሁሉ የሚበልጥ አድርጌ እቈጥረዋለሁ። የሚያስገርመውም ስታይንቤክ እዚህ ላይ የደረሰው ሕጉን ሲያፈርስ መሆኑ ነው። «መደምደሚያ አልሰጥም» ያለው ሰው እዚህ ላይ ያነጻጽራል፣ ምክንያት ይፈልጋል፣ ይፈርዳል። በሌላ አነጋገር የኢልፍንና የፔትሮቭን መንገድ ይይዛል ማለት ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ ግን ወደ ቀድሞው ጥንቃቄ ተመልሶ፣ ሩስያውያን እንደ ማንኛውም ሕዝብ ናቸው፤ ክፉዎችም አሉባቸው፣ መልካሞቹ ግን እጅግ ይበዛሉ በሚል ሐሳብ ይዘጋል። ይህ ደግ አባባል ነው። ነገር ግን ማንም ሳይጓዝ ሊናገረው ይችላል። ገበሬዎቹ ስለ ጠየቁት ጥያቄ የጻፈው ግን ያልተጓዘ ሰው ሊጽፈው አይችልም።

ረ. ሊቀርብ የሚችል ተቃውሞ

አንድ አንባቢ «ኢልፍና ፔትሮቭ በሳንሱር ሥር የጻፉ ሰዎች ናቸው፤ ንጽጽራቸውም በመጨረሻው ለሶቪየት አገር የሚያደላ ነው። እነርሱን ከነጻው ጸሐፊ ማስበለጥ ይገባልን?» ሊለኝ ይችላል። ተቃውሞው ብርቱ ነው። በእርግጥም መጽሐፉ በወጣበት በ1937 በአገራቸው ታላቁ የእስርና የግድያ ዘመን ነበረ፤ ከመጽሐፉ ስለዚህ የሚገኝ ነገር የለም፣ ሊኖርም አይችልም። በደቡብ አሜሪካውያን ስለሚደርሰው ግፍ በድፍረት የጻፈው ብዕር በቤቱ ስላለው ግፍ ዝም ይላል። ይህን ለማስተባበል አልሞክርም።

መልሴ እንዲህ ነው። እኔ የማነጻጽረው የጸሐፊዎቹን ነጻነት አይደለም፤ በእርሱማ ስታይንቤክ ይበልጣል። የማነጻጽረው ዘዴያቸውን ነው። የኢልፍና የፔትሮቭ አድልዎ በግልጥ የሚታይ ስለ ሆነ አንባቢ ቀንሶ ሊያነበው ይችላል፤ ሲቀንሰውም ስለ መንገዱ፣ ስለ መስተንግዶው፣ ስለ ቃል መጠበቅና ስለ ትንንሾቹ ከተሞች የጻፉት ጸንቶ ይቀራል። የስታይንቤክ ገለልተኝነት ግን ሙሉ ስለሚመስል አንባቢ የሚቀንሰውን አያውቅም። ነጻ ሆኖ ሳለ በጥንቃቄ ምክንያት ያልጠየቀውን ጥያቄ፣ ነጻ ያልሆኑት ባገኙት ጠባብ በር ገብተው ጠየቁ። አሜሪካዊው ጸሐፊ የነበረውን ነጻነት በዚያ ድፍረት ተጠቅሞበት ቢሆን ኖሮ ሦስተኛና የሚበልጥ መጽሐፍ ይኖረን ነበር።

መደምደሚያ

በ2006 ቭላዲሚር ፖዝነርና ኢቫን ኡርጋንት የተባሉ የሩስያ የቴሌቪዥን ፕሮግራም አቅራቢዎች የኢልፍንና የፔትሮቭን ጉዞ በአውቶሞቢል ደግመው በዚያው ርእስ የቴሌቪዥን ፊልም ሠርተዋል። ከሰባ ዓመት በኋላ ያንን መንገድ መድገም ማስፈለጉ ጥያቄው ገና ያልተመለሰ መሆኑን ያሳያል። ሩስያ በ2022 ዩክሬንን ከወረረች ወዲህ ደግሞ በሁለቱ አገሮች መካከል የሚመላለሰው መንገደኛ እጅግ አንሷል፤ ስታይንቤክ ፈርሳ ያገኛት ኪየቭም በሩስያ ሚሳይል ተደብድባለች። ሰው በማይመላለስበት ዘመን የቀድሞዎቹን መንገደኞች መጻሕፍት በጥንቃቄ ማንበብ የበለጠ ያስፈልጋል።

ይህ ነገር ለእኛም ባዕድ አይደለም። ከኢትዮጵያ በየጊዜው ወደ አሜሪካም ወደ ሶቪየት ኅብረትም ለትምህርት የሄዱ ብዙዎች ናቸው፤ ሁለቱን ሕዝብ በዐይናቸው ያዩ ሰዎች በአገራችን አሉ። ከእነርሱ አንደበት የምንሰማው አብዛኛውን ጊዜ ወይ «እንደ እኛው ሰዎች ናቸው» ነው፤ ወይ ደግሞ «ልባቸው አይታወቅም» ነው። ሁለቱም አባባሎች ጥያቄን ይዘጋሉ። ከእነዚህ ሁለት መጻሕፍት የምንማረው ግን ወደ ባዕድ አገር የሚሄድ ተማሪ ሦስት ነገር እንዲያደርግ ነው፤ ያስደነቀውን ልዩነት ሳይሸሽግ እንዲጽፍ፣ ምክንያቱን ከባለአገሩ እንዲጠይቅ፣ ባለአገሩም ሲጠይቀው ታግሦ እንዲመልስ። ማዕድ የቀረበለት እንግዳ ደግሞ አራተኛ ነገር ሊጨምር ይገባዋል፤ ይህን ማዕድ ያቀረቡልኝ ሰዎች ትናንት ምን በልተው አደሩ? ብሎ ማሰብ።